ክዳኑ ሥር የቀሩ ሁለት ሽቦዎች

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ቀን 2013። አገር ቤት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። የሰኔ ጾም አልቋል፤ ግን በዓሉ ዓርብ ላይ ስለዋለ የጾመኛው ደስታ ለአንድ ቀን ተራዝሟል።

ለንደን፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማቆሚያ ቁጥር 592 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ቆሟል። ምዝገባው ኢቲ-ኤኦፒ፣ ስሙ «ንግሥተ ሳባ»። ጠዋት መንገደኞቹን አራግፏል፤ የሚመለሰው ማታ ነው። ውስጡ አብራሪ የለም፣ አስተናጋጅ የለም፣ መንገደኛ የለም። እንዲሁ እንደቆመ ሰዓታት አልፈውታል።

በለንደን ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ላይ፣ መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ የነበረ ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ ጭስ ሲወጣ አየ። የአደጋ ደወሉን ተጫነ። የእሳት አደጋ መኪኖች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ውኃና አረፋ ለቀቁበት። አንዱ ሠራተኛ ለጥንቃቄ ብሎ ከመሬት ወደ አውሮፕላኑ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ገመዱ ተነቅሏል። እሳቱ ግን አልጠፋም።

ሰዎቹ በር ከፍተው ገቡ። ውስጡ በጭስ ታፍኗል። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ጭሱ ይወፍራል። ሌሎቹን በሮችም እየከፈቱ አናፈሱት። የመንገደኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ፣ ከጣሪያው ሰሌዳ በላይ፣ እሳት እንዳለ ምልክት አዩ። በእጅ የሚያዝ የሃሎን፣ ማለትም እሳት የሚያፍን ጋዝ፣ ማጥፊያ ሞከሩ፤ አልሠራም። በመጨረሻ ሰሌዳውን በጉልበት ገንጥለው በቱቦ ውኃ አጠፉት። ማንም አልተጎዳም። ሂትሮው ግን ሁለቱንም ማኮብኮቢያዎች ለ90 ደቂቃ ያህል ዘጋ። ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለ ቦይንግ ለማውራት አይደለም። ጋራዡ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን ስለሚሠራ ሰው ልጽፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሕጋዊ ነገር ነው። ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለመማርና ለመዝናናት ብሎ በራሱ እጅ ከሠራ፣ ማንም ሰው አውሮፕላን ሠርቶ አስመዝግቦ መብረር ይችላል። ብዙዎቹ ክንፉንና አካሉን በኪት መልክ ገዝተው ይገጣጥማሉ። አሉሚኒየሙ ተቀድዶና ተበስቶ ይመጣል፤ ሥዕሉም አብሮ አለ። የኤሌክትሪኩ ሥራ ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛው ውሳኔ የባለቤቱ ነው። ባትሪው የት ይቀመጥ፣ ሽቦው በየት ይለፍ፣ የቱ ፊውዝ የቱን ይጠብቅ፣ ሁሉንም ራሱ ይወስናል። ብዙ ሰው ብረቱን በልበ ሙሉነት ሠርቶ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይፈራል። ፍርሃቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ነው ያለው። ስለ አልተርኔተሩ፣ ስለ ትልቁ ባትሪ፣ ስለ ስክሪኖቹ እያሰበ ሌሊት ይገላበጣል። የ«ንግሥተ ሳባ» እሳት የተነሣው ከእነዚህ ከአንዳቸውም አይደለም።

በወቅቱ ሁሉም ሰው የጠረጠረው ትልቁን ባትሪ ነበር። ቢጠረጥርም አይፈረድበትም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 7 ቦስተን ላይ ቆሞ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ 787 ሊቲየም አዮን ባትሪው ተቃጠለ። በ9ኛው ቀን ደግሞ ኦል ኒፖን የተባለው ሌላው የጃፓን አየር መንገድ 787 ጃፓን ውስጥ በባትሪ ጭስ ምክንያት ታካማትሱ ላይ በአስቸኳይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የዓለም 787 በሙሉ ከበረራ ታገደ። ቦይንግ ባትሪውን በብረት ሳጥን ዘግቶ፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ሠርቶለት፣ ኤፕሪል ላይ እገዳው ተነሣ። እገዳው እንደተነሣ መጀመሪያ መንገደኛ ጭኖ የበረረው፣ ኤፕሪል 27 ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ይኸው «ንግሥተ ሳባ» ነበር። እንግዲህ ሦስት ወር ሳይሞላ ያው አውሮፕላን ሲጨስ ሰው ምን ይበል?

ነገር ግን የ787 ትልልቆቹ ባትሪዎች ያሉት ከወለሉ በታች ነው። የተቃጠለው ጣሪያው ነው፣ ያውም ከኋላ፣ ከጭራው ፊት ለፊት። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪ ቅርንጫፍ፣ በምህጻሩ ኤኤአይቢ፣ ጉዳዩን ያዘ። በሳምንት ውስጥ ባወጣው መግለጫ ጉዳቱ ከሁሉ የባሰበት ቦታ ላይ ምን እንደነበር ተናገረ። አንዲት ብርቱካንማ ሳጥን ነበረች። ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ የሚሸጣት ኢኤልቲ።

ኢኤልቲ ማለት አውሮፕላን ሲወድቅ «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚጮህ የሬዲዮ መሣሪያ ነው። የዘመኑ ሞዴል በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ይልካል። ሥራው ሌላው ሁሉ ከሞተ በኋላ መሥራት ስለሆነ ኤሌክትሪኩን ከአውሮፕላኑ አይለምንም። የራሱ ባትሪ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከጥቂቶች በቀር ትንሹም አውሮፕላን እንዲይዘው ሕጉ ያስገድዳል፤ ጋራዥ ውስጥ የተሠራውም ጭምር። ሕይወት ያድናል። በቁመትና በወርድ ከጫማ ካርቶን ያነሰ ነገር ነው። ለበርካታ ዓመት ሳይነካ ይቀመጣል። ስለዚህ ማንም ትዝ አይለውም።

ያን ገመድ አስታወሳችሁ? ሰውዬው ሲነቅለው ልክ ነበር፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። ግን ጣሪያው ውስጥ ያለችው ባትሪ ያንን ገመድ አታውቀውም። የአብራሪውን ማብሪያና ማጥፊያም አታውቅም። ብሬከሮቹን ሁሉ ብትጥላቸው ለእሷ ምኗም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ጋራዡ ውስጥ ከሚሠራው ሰው አጠገብ መቀመጥ እፈልጋለሁ። የኤሌክትሪክ ሥዕሉን ሲጀምር መሃል ላይ ትልቁን ባትሪ ያደርጋል። ከባትሪው ወደ ዋናው ኮንታክተር (በዋናው ማብሪያ የሚታዘዝ ትልቅ ማገናኛና ማቋረጫ)፣ ከዚያ ወደ ፊውዞቹ፣ ከዚያ ወደ መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ የነዳጅ ፓምፑ። ዛፍ ይመስላል፤ ግንድና ቅርንጫፍ። ዋናውን ማብሪያ ሲያጠፋው ዛፉ ሁሉ ይደርቃል። ደስ የሚል ሥዕል ነው። ውሸት ግን አለበት። ዛፉ ላይ የሌሉ ምንጮች አሉና። የኢኤልቲው ባትሪ አለ። የበረራ ስክሪኑ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ አለው። ሞተሩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ካለው ለእሱም ትንሽ ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ኪስ ውስጥ ያለው የእጅ ሬዲዮና ታብሌት ሳይቆጠር። እነዚህ ሁሉ ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ አይጠፉም። አብዛኛው ሰው ሥዕሉ ላይ እንደ ተጠቃሚ ይስላቸዋል። ምንጭ መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ወደ ሳጥኗ እንመለስ። ባትሪዋ አምስት የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሴሎች ተቀጣጥለው የተሠራች ናት። ይህ ዓይነት ሴል አይሞላም፤ አንዴ ተጠቅመህ ትጥለዋለህ። እያንዳንዱ 3 ቮልት ገደማ ነው፤ አምስቱ ሲደመሩ 15። ባትሪዋ በሳጥኑ አንድ በኩል ባለ ክፍል ትገባና በላይዋ የብረት ክዳን በብሎን ይታሰራል። ከክዳኑ ሥር ውኃ እንዳይገባ የሚያደርግ ማሸጊያ አለ። ከባትሪዋ ወደ መሣሪያው የሚሄዱት ሁለቱ ሽቦዎች ደግሞ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ተሰብስበው ቦታቸው መግባት አለባቸው።

አልገቡም። ሁለቱ ሽቦዎች ተሻግረው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው፣ ከክዳኑና ከሳጥኑ ጠርዝ መሃል ቀሩ። ሰውዬው ብሎኖቹን አጠበቀ። ክዳኑ ገጠመ። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። ተሞከረ፤ ሠራ።

እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ያኔውኑ ቢያጨስ ምንኛ መልካም ነበር። ሽቦ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ሲጫኑት ወዲያው አይቆረጥም፤ ከግፊቱ ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። አውሮፕላን ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ከምድር ሙቀት ወደ ላይ ብርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት ይመላለሳል። በስተመጨረሻ መዳብ ከመዳብ ወይም መዳብ ከብረት ይገናኛል። ሾርት ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሾርት ሲባል ቦግ ብሎ ፊውዝ የሚያቃጥል ነገር ይመስለዋል። ያ እንዲያውም ደጉ ዓይነት ነው። ክፉው ለስለስ ያለው ነው። በራሴ ሒሳብ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ከመርማሪዎቹ ሪፖርት የተወሰዱ አይደሉም፤ ለምሳሌ ያህል ናቸው። 15 ቮልት አለ እንበል። የተጨፈለቀው ቦታ በደንብ ስላልተነካካ 5 ኦም ተቃውሞ አለው። 15 ለ5 ሲካፈል 3 አምፒር ይሄዳል። 3 ጊዜ 15፣ 45 ዋት። የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ ያህል ሙቀት ማለት ነው። ይህ ሙቀት በታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ በሊቲየም ባትሪ ላይ፣ ለሰዓታት ሲሠራ አስቡት። 3 አምፒር ደግሞ 5 አምፒር ፊውዝን አያስደነግጠውም።

የባትሪዋ ዋና መከላከያ ግን ፊውዝ አልነበረም። ፒቲሲ የሚሉት ነገር ነበር። ፒቲሲ ራሱን በራሱ የሚመልስ ፊውዝ ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ተቃውሞው በአንዴ ይጨምርና ከረንቱን ያንቀዋል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይከፈታል። ሲሰሙት ብልህ መሣሪያ ነው። ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የሚዘጋበት ነጥብ ቋሚ አይደለም፤ አካባቢው ሲቀዘቅዝ የበለጠ ከረንት ካላለፈበት አይዘጋም። ሁለተኛ፣ እንዳልኩት ይመለሳል። ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ ሰው መጥቶ «ለምን?» እስኪል ተቃጥሎ ይጠብቃል። ፒቲሲ ግን ማንም ሳያየው ይዘጋል፣ ማንም ሳያየው ይከፈታል። ኤኤአይቢ እነዚህ ሁለት ጠባዮች ባትሪዋ ስትነደፍ በሚገባ እንደታሰበባቸው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። መከላከያውም በውጭ ሾርት ላይ የታሰበለትን ያህል አልጠበቀም።

ለዚህ ነው ራሱን የሚመልስ መከላከያ ልገጥም ለሚል የጋራዥ ሰው ልቤ የሚያመነታው። በየትም አትግጠመው አልልም። አየር ላይ ሆነህ ፊውዝ መቀየር አትችልም፤ እሱም እውነት ነው። ግን የማትሰማውና የማታየው ቦታ ላይ ብልሽቱን እየሸፋፈነ የሚያስታምምልህ መሣሪያ ወዳጅ አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚገርመኝ ክፍል። ሾርቱ ባትሪዋን ማፍሰስ ጀመረ። ይህ ብቻውን እሳት አይሆንም፤ ባትሪ አልቆ ሊሞትም ይችላል። መርማሪዎቹ የደረሱበት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ምናልባት አምስቱ ሴሎች እኩል አልፈሰሱም። አንደኛው ከሌሎቹ ቀድሞ አለቀ።

እዚህ ላይ የባትሪ ድንጋይ ያደግንበት ትዝታ ይጠቅመናል። ሬዲዮ ውስጥ አንድ አሮጌ ድንጋይ ከአዲሶች ጋር ቀላቅሎ የከተተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። አሮጌው ያብጣል፣ ውኃ ያነባል፣ ቤቱን ያበላሻል። ለምን? ድንጋዮቹ በተርታ ስለተቀጣጠሉ አንድ ዓይነት ከረንት በሁሉም ውስጥ ያልፋል። ያለቀው የሚሰጠው የለውም። ጉልበት ያላቸው ጎረቤቶቹ ግን ከረንቱን በግድ በእሱ ውስጥ ይገፉታል። ያኔ ፖዘቲቭ የነበረው ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ቮልቴጁ ይገለበጣል። የራሱ ጓደኞች ያሞቁታል ማለት ነው። በሬዲዮ ድንጋይ ይህ ውኃ ማንባት ነው። በሊቲየም ሴል ግን እሳት ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ኬሚካሉን ያፈርሳል፣ የፈረሰው ኬሚካል ሌላ ሙቀት ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም።

የሴሉ የራሱ መከላከያም ሆነ የባትሪዋ መከላከያ ይህን አላስቆመም። በሴሎቹ መሃል የሚለያይ ግድግዳ ስላልነበረ እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛመተ። አምስቱም ሄዱ።

ሳጥኗ ብርቱ የብረት ሳጥን ናት። ነበልባሉን ውስጧ ይዛ ልትቀር ትችል ነበር ይሆን? እዚህ ላይ ያው ሽቦ ሁለተኛ ጥፋት ሠራ። ከክዳኑ ሥር የተቀረቀረው ሽቦ ማሸጊያውን ከፍቶት ነበር። በእሱ ስንጥቅ ነበልባሉና የሚቃጠለው ጋዝ ወጣ። እሳቱን የለኮሰው ያው ሽቦ፣ በሩንም የከፈተለት እሱው።

ውጭ የጠበቀው የድምፅና የሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የአውሮፕላኑ ቆዳ። 787 አካሉ ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ካርቦኑ ቻይ ነው፤ ሙጫው ግን በበቂ ሙቀት ይፈርሳል፣ ሲፈርስም የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። የባትሪዋ ጉልበት ካለቀ በኋላም እሳቱ በሙጫው እየኖረ ከሳጥኗ ርቆ ሲሄድ ነበር። ፍጥነቱ እየቀነሰ ቢመጣም አልቆመም።

ጋራዥ ውስጥ ከኮምፖዚት፣ ማለትም እንዲህ ከፋይበርና ከሙጫ፣ የሚሠራ ሰው ይህን ሁለቴ ያንብበው። ፋይበርግላስና ሙጫ ቆንጆ ቅርጽ ይሰጣል፤ አየሩን እንደ ቢላ የሚቆርጥ ክንፍ ይወጣዋል። ግን ባትሪ አጠገቡ ስታስቀምጥ ከአሉሚኒየም ጋር አንድ አይደለም። አሉሚኒየም ሙቀቱን ይበትነዋል። በዚያ ላይ አሉሚኒየም አካል ራሱ የኔጋቲቭ መመለሻ ይሆንልሃል፤ እንደ መኪና ቦዲ። ኮምፖዚት ላይ ያ የለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ መመለሻ ሽቦ ራስህ መሳብ አለብህ። የሽቦው ብዛት ይጨምራል፤ የሚጨፈለቅበት ጠርዝና የሚተሻሽበት ቀዳዳም አብሮ ይጨምራል።

እሳቱ አየር ላይ ቢነሣስ? የሃሎን ማጥፊያውን አስታውሱ። የሠለጠኑ እሳት አጥፊዎች፣ መሬት ላይ ሆነው፣ በሮቹን ሁሉ ከፍተው፣ በእጅ ማጥፊያ አልቻሉትም። ጣሪያ ገንጥለው ቱቦ ማስገባት ነበረባቸው። የበረራ አስተናጋጅ ያላት ያው የእጅ ማጥፊያ ናት። ቱቦ የላትም።

ኤኤአይቢ እሳቱ በተነሣ በ6ኛው ቀን ሁለት ነገር መከረ። በ787ቶች ላይ ያለው ይህ ኢኤልቲ ከሥራ ውጭ ይሁን፤ በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ያሉ የሊቲየም ኢኤልቲዎችም ይመርመሩ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ደግሞ መሣሪያው ወይ ይውጣ ወይ ሽቦው ይፈተሽ አለ። ሲፈተሽ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ አንድ 787 ላይ የተጨፈለቀ ሽቦ ተገኘ። ኦል ኒፖንም ሁለት መሣሪያዎች ላይ የሽቦ ጉዳት እንዳየ አስታወቀ። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ቀን ስህተት ብቻ አልነበረም። ሽቦው በቀላሉ የሚቀረቀርበት ቦታ ስላለ ሰው ይሳሳታል። ከዚህ ዓይነት መሣሪያ በሺህ የሚቆጠር ተሸጦ ነበር፤ እንዲህ ያለ እሳት ከዚያ በፊት አልታየበትም። የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው በኦገስት 2015 ነው፤ ምርመራው እስኪያልቅ 14 የደኅንነት ምክሮች ተሰጥተዋል። አምራቹም መሣሪያውን እንደገና ወደ መንደፍ ገባ።

ለእኔ ከ14ቱ ምክር ይልቅ ክዳኑ ነው የሚታየኝ። አንድ ሰው፣ በእጁ ብሎን መፍቻ ይዞ፣ ሽቦዎቹን በጣቱ ገፋ አድርጎ ክዳኑን ጫነ። ምናልባት ትንሽ እንቢ ብሎት ይሆናል። ትንሽ ተጫነው። ይህን ያላደረገ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካለ እጄን እሰጣለሁ። የግድግዳ ሶኬት ስንገጥም ሁላችንም ሽቦውን አጥፈን፣ ጠቅጥቀን፣ ፊቱን በብሎን ስበን አናውቅም?

አውሮፕላን ሠሪው እዚህ ላይ ከፋብሪካው የተሻለ ዕድል አለው። አይቸኩልም። ሽቦው የት እንደሚተኛ ክዳኑን ከመግዛቱ በፊት መወሰን ይችላል። የሽቦውን ርዝመት ሲቆርጥ ተርሚናሉን ፈትቶ መልሶ የሚያስርበት ትርፍ ይተዋል፤ ግን ትርፉን የሚያስቀምጥበት ቦታም አብሮ ያስባል። ቦታ የሌለው ትርፍ ሽቦ ክዳን ሥር ነው የሚገባው። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ይገባለታል። በየእጅ ስንዝሩ በማሰሪያ ይያዛል፤ እየተወዛወዘ የሚተሻሽ ሽቦ እየተበላ የሚሄድ ሽቦ ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በአንድ ጠርዝ ላይ፣ በአንድ ብሎን ሥር፣ እንዳይሻገሩ በሁለት አቅጣጫ ቢመሩ ደግሞ የሂትሮውን ዓይነት ስህተት እጅ ቢሳሳት እንኳ ለመሥራት ያስቸግራል። ክዳን ከመገጠሙ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት አሁን ምንም አያስወጣም። ክዳኑ እንቢ ካለ መፍቻውን ማስቀመጥ ነው።

የፊውዙ ነገርም አለ። ጀማሪ ሰው ፊውዝ ሬዲዮውን የሚጠብቅለት ይመስለዋል። ሬዲዮው የራሱ ጣጣ ነው። ፊውዙ ያለው ለሽቦው ነው። ቁጥር 22 የሚባለው ቀጭን የአውሮፕላን ሽቦ በተለምዶ በ5 አምፒር ይጠበቃል፤ ቁጥር 18 በ10። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ፊውዙ የሚቀመጠውም ከዕቃው ጎን ሳይሆን ከምንጩ ጎን ነው፤ ምክንያቱም ከምንጩ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የሌለው ሽቦ ነው። ያ ክፍል አጭር ይሁን፤ የትም ጠርዝ አይንካ። ከትልቁ ባትሪ ወደ ኮንታክተሩ የሚሄደው ወፍራም ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። ስለዚህ ኮንታክተሩ ባትሪው ጉያ ውስጥ ይገጠማል።

ይህን ሕግ ግን በዛፉ ላይ ለሌሉት ምንጮችም ማሰብ ያስፈልጋል። የስክሪኑ መጠባበቂያ ባትሪ ስክሪኑ አጠገብ ከሆነ ደግ፤ አንድ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ግን ያ አንድ ሜትር ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ በሕይወት አለ። በአንዱ ጫፍ አውሮፕላኑ፣ በሌላው ባትሪው። አንዱን ጫፍ ብቻ በፊውዝ ያሰረ ሰው ግማሹን ነው ያሰረው። እኔ ብሆን ሥዕሉን ሁለቴ ነው የምሠራው። አንዴ ዋናው ማብሪያ በርቶ፣ አንዴ ጠፍቶ። በጠፋው ሥዕል ላይ ገና ቀይ ሆኖ የሚቀረውን ሽቦ ሁሉ በቀይ እስክሪፕቶ አደምቀዋለሁ። አውሮፕላኑ ማታ ሃንጋር ውስጥ ብቻውን ሲያድር በሕይወት ያለው እሱ ነው። «ንግሥተ ሳባ»ም የነደደችው ሰው የሌለባት ጊዜ ነበር።

አውሮፕላኗ እዚያው ሂትሮው ላይ ተጠገነች። የተቃጠለ ኮምፖዚት ጣሪያ መጠገን አዲስ ነገር ነበር። ተጠግና ወደ አገሯ በረረች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

የአሜሪካ ሕግ ኢኤልቲ በየ12 ወሩ ይፈተሽ ይላል። የሚፈተሸው አራት ነገር ነው፦ በትክክል መገጠሙ፣ የባትሪው ዝገት፣ የመቆጣጠሪያዎቹና የግጭት መለያው አሠራር፣ ከአንቴናው የሚወጣው ምልክት። ከዚያ ሌላ ባትሪው የአገልግሎት ዘመኑን ግማሽ ሲጨርስ ይቀየራል። ሽቦው ክዳኑ ሥር እንዴት ተኝቷል የሚል አምስተኛ ነጥብ የለም። ባትሪው የሚቀየርበት ቀን ግን ክዳኑ ይከፈታል፤ ሽቦዎቹም ያን ቀን ይታያሉ።